«ማሽኑ አማርኛ አይችልም»

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ሠፈሯ ሲደርስ ቀን የቤቱን ሥራ ጨርሳ፣ ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ሀ ሁ ብላለች። ዛሬም ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አንድም ፊደል አታልፍም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የታክሲ ጥቅስ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች።

አንድ ቀን የባንክ ደብተሯ አልቆ አዲስ ልናወጣ አብረን ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደብተሩን ተቀብላ ከጎኗ ያለው ማሽን አፍ ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ያ ሁላችንም የምናውቀው ድምፅ መጣ። ዝዝዝት፣ ዝዝዝት፣ ጠቅ። እናቴ ደብተሩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ።

«ምን ይላል?»

ስሟን ነበር የሚለው። በላቲን ፊደል።

«በአማርኛ አይሆንም እንዴ?» አልኳት ልጅቷን። ትሁት ናት፤ ፈገግ ብላ «ማሽኑ አማርኛ አይችልም» አለችኝ።

ይቺ ዓረፍተ ነገር እቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። አንድ ማሽን ቋንቋ የሚችለው ወይም የማይችለው በየትኛው አካሉ ነው? መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ለማወቅ ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። መክፈት። ምናለሽ ተራ ሄጄ ከተቆለሉ አሮጌ ዕቃዎች መካከል የ1980ዎቹ ሥሪት የሆነ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ገዛሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ነገሩን ከመነሻው ልያዘው። በጽሕፈት መኪና፣ በተለምዶ ታይፕ በምንለው፣ ፊደል ማለት ብረት ነው። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ዘንግ ይነሳል፣ ጫፉ ላይ የተቀረጸው ፊደል ሪባኑን ይመታል፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ለላቲን ፊደል ይሄ በቂ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቆጠሩም። 231 ዘንግ የሚይዝ መኪና ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮት የሚነሳው የአማርኛ ታይፕ የተገኘለት መላ ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፤ አካሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ አካሉን ትመታለች፣ ቀጥላ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትቀጥልለታለች። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለበቱ አንዳንዴ ከእግሩ ፈንጠር ብሎ ለብቻው ይቆማል። ብልህ መላ ነበር፤ ግን ብረት እንደ ልብ አይታዘዝም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የጃፓኑ ኦኪ በ1968 ዋየርዶት የተባለውን ፕሪንተር አወጣ። በ1970 ደግሞ የአሜሪካው ሴንትሮኒክስ ባለ 7 ፒን ሞዴል 101ን ይዞ ብቅ አለ፤ በሴኮንድ 165 ፊደል ያትማል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። የፊደል ቅርጽ ያለው ብረት አያስፈልግም። ቀጥ ብለው የተደረደሩ ጥቂት ቀጫጭን የሽቦ ጫፎች ይበቃሉ፤ በአግድም እየሮጡ፣ በትክክለኛው ቅጽበት አንዱ ወጥቶ ነጥብ ይመታል፣ ሌላው ዝም ይላል። ፊደል ከነጥብ ይሠራል። ፊደል ብረት መሆኑ ቀርቶ ጊዜ ሆነ፤ የቱ ፒን፣ መቼ።

ማሽኑን ወደ ትንሽ ቢሮና ወደ ቤት ያስገባው ግን ሌላ የጃፓን ኩባንያ ነው። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ይፋዊ ሰዓት ያዡ የሴይኮ ቡድን ነበር። ለዚያ ውድድር ከሠሯቸው መሣሪያዎች አንዱ ሰዓቱን ለክቶ ውጤቱን ወረቀት ላይ የሚያትም ነው። በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ከዚያ የማተም ልምድ በ1968 ኢፒ-101 የምትባል ለካልኩሌተር የምትሆን ትንሽ ፕሪንተር ተወለደች። ኤፕሰን የሚለው ስም ራሱ የመጣው «የኢፒ ልጅ» ከሚለው ነው። በ1980 ኤፕሰን ኤምኤክስ-80ን አወጣ። 9 ፒን፣ በሴኮንድ 80 ፊደል። በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ሲሸጥ አብሮት ያቀረበው ፕሪንተር ይኸው ማሽን ነበር፤ የአይቢኤም ስም ተለጥፎበት።

* * *

አሁን ወደ ገዛሁት ማሽን እንመለስ። እቤት አምጥቼ ሳበራው ሠራ፤ ግን በሚያትመው ሁሉ መሐል ለመሐል አንድ ነጭ መስመር ይሄዳል። አንድ ፒን ሞቷል ማለት ነው። ፕሪንተር የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍተው ሄዱን በጣታቸው አሳዩኝ። የማተሚያው አፍ ነው፤ በሁለት ዘንጎች ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ አነስ ያለ ብረት። ከኋላው 9 ኮይሎች እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ዙሪያውን ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ኮይል ፊት አንድ ቀጭን የብረት ፒን አለ፤ ዘጠኙም ወደ ፊት እየተጠጋጉ ሄደው አፍንጫው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ዓምድ ይሠራሉ። ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲገባ ማግኔት ይሆናል፣ ፒኑን ያስፈነጥረዋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ትንሿ ስፕሪንግ መልሳ ትስበዋለች። መካኒኩ ይሄው ነው፤ ከደጅ መጥሪያ ደወል ብዙም አይለይም።

ጥበቡ ያለው አዛዡ ጋ ነው። መጀመሪያ ከኮምፒዩተሩ በኩል እንጀምር። በመሐላቸው ያለው ወፍራም ኬብል ውስጥ 8 ሽቦዎች አንድ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሽቦ ወይ አለ ወይ የለም ይላል። ከእነሱ ሌላ ሦስት ሽቦዎች ጨዋታውን ይመራሉ። አንዱ ከኮምፒዩተሩ «እንካ፣ ያዝ» ይላል፤ ሁለተኛው ከፕሪንተሩ «ቆይ፣ አልዋጥኩም» ይላል፤ ሦስተኛው «ውጫለሁ፣ ቀጥል» ይላል። እኔ ጉርሻ ነው ያስታወሰኝ። አጉራሹ የቱንም ያህል ቢቸኩል አፍ እስኪያርፍ መጠበቅ አለበት። ኮምፒዩተሩ በጣም ፈጣን ነው፣ ፕሪንተሩ ሥጋና ብረት ያለው ፍጡር ነው፤ ያለዚህ ሥርዓት ግማሹ ጽሑፍ መሬት ላይ ይደፋ ነበር። ይህን የኬብል ሥርዓት ያስተዋወቀው ሴንትሮኒክስ ስለሆነ ለብዙ ዓመታት በኩባንያው ስም ሲጠራ ኖሯል።

ፕሪንተሩ ቁጥሮቹን አንድ መስመር እስኪሞላ በሜሞሪው ያጠራቅማል። ከዚያ የራሱ ፕሮሰሰር ሥራ ይጀምራል። አዎ፣ ፕሪንተሩ ውስጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ሁለት ሞተሮችን ያዛል፤ አንዱ ሄዱን ወደ ጎን ይነዳል፣ አንዱ ወረቀቱን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለቱም ስቴፐር የሚባሉ ዓይነት ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ዝም ብለው አይከንፉም፤ ለእያንዳንዱ ምት የተወሰነች ማዕዘን ብቻ ዞረው ይቆማሉ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሄዱ የት እንዳለ ማየት አያስፈልገውም፤ የላከውን ምት ይቆጥራል። እንደ ዓይነ ስውር ሰው ነው፤ ከበሩ ስንት እርምጃ እንደተራመደ ካወቀ የት እንደቆመ ያውቃል። ግን በሩን አንድ ጊዜ መንካት አለበት። ማሽኑ ሲበራ ሄዱ ወደ ግራ ሮጦ «ጠቅ» የሚለው ለዚህ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ሴንሰር «ደርሰሃል» ስትለው ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ፤ ሄዱ ለመምታት አይቆምም። እየሮጠ ነው የሚመታው። የኤምኤክስ-80ን ቁጥር እንያዝ። በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ፊደል፣ በሴኮንድ 80 ፊደል። ስለዚህ ሄዱ በሴኮንድ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሮጣል። በአንድ ኢንች 60 የነጥብ ዓምድ ቢቀመጥ በሴኮንድ 480 ዓምድ ይሆናል። ለአንዱ ዓምድ የሚደርሰው ጊዜ ከ2 ሚሊሴኮንድ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የዓምዱን ቁጥር ያነባል፣ የሚመቱትን ፒኖች ይለያል፣ ያስወነጭፋል፤ ስፕሪንጎቹም ይመልሷቸዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ማሽኖች ሲመለሱም ያትማሉ። ያኔ ፕሮሰሰሩ ዓምዶቹን ከኋላ ወደ ፊት ያነባል፤ ፒኑ ከተወነጨፈ በኋላ ወረቀቱን እስኪነካ ሄዱ ትንሽ እንደሚጓዝም ማሰብ አለበት። ይሄ ሒሳብ ከተዛባ ቀጥ ያለ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

«ያንቺ ማሽን ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉ ጠጋኙ፣ የኮይሉን ጫፎች በቴስተር እየነኩ። «ኮይሉ ደህና ነው። ፒኑም ደህና ነው። የሞተው ትራንዚስተሩ ነው።»

እሳቸው እንዳስረዱኝ የፕሮሰሰሩ ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። ኮይል ማስነሳት ቀርቶ አምፖል አያበራም። ኮይሉ የሚፈልገው 24 ቮልት ገደማ ነው፤ ያንን ከፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ጋር የሚያገናኘው ትራንዚስተር ነው፤ በትንሽ ምልክት ትልቅ ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ በረኛ። ለ9 ፒን 9 በረኛ። ክፍት የሚቆየው ከአንድ ሚሊሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀጭኑ የኮይል ሽቦ ይጠበሳል። «ዕድለኛ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይሄኛው ዘግቶ ነው የሞተው። ከፍቶ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ኮይሉንም ይዞት ይሄድ ነበር።» ከሌላ የሞተ ቦርድ አንድ ትራንዚስተር ፈትተው በየዱት። ነጩ መስመር ጠፋ።

* * *

እንግዲህ ቋንቋው የት አለ? ፒኑ ላይ የለም፤ ፒን ነጥብ እንጂ ፊደል አያውቅም። ኮይሉም፣ ትራንዚስተሩም፣ ሞተሩም እንደዚያው። ቋንቋው ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቦርዱ ላይ ባለች፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልታ በተዘጋች የሜሞሪ ቺፕ ውስጥ። እሷ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ። ኮምፒዩተሩ «65» ብሎ ሲልክ ፕሮሰሰሩ ሠንጠረዡን ከፍቶ የላቲኑን የመጀመሪያ ፊደል የነጥብ ዓምዶች ያወጣል። «66» ሲል ሁለተኛውን። የኤፕሰን ኤፍኤክስ-80 የሚባለው የ1983 ሞዴል ሠንጠረዡን ለ9 ሀገራት ማስተካከል ይችል ነበር፤ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ጃፓን። ስዊድናዊው ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ቢፈልግ ተዘጋጅቶለታል። እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም።

ግን ሰሪዎቹ አንድ በር ክፍት ትተው ነበር። ለሥዕልና ለግራፍ እንዲሆን፣ ሠንጠረዡን ጨርሶ ዘሎ ፒኖቹን በቀጥታ የሚያዝ ትእዛዝ አለ። በኤፕሰን ቋንቋ መጀመሪያ 27 ይላካል፤ «አሁን የሚመጣው ትእዛዝ እንጂ ጽሑፍ አይደለም» ማለት ነው። ቀጥሎ 75፣ ማለትም «ሥዕል»። ከዚያ የዓምዱ ብዛት። ከዚያ ራሳቸው ዓምዶቹ፣ አንድ ቁጥር ለአንድ ዓምድ። የላይኛው ፒን ዋጋ 128 ነው፣ ከሱ በታች 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። መምታት የምትፈልጓቸውን ፒኖች ዋጋ ደምራችሁ መላክ ነው። (ዘጠነኛው ፒን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ 8 ሽቦ 8 ፒን ነው የሚያዝ።)

የእናቴ ስም በ«በ» ይጀምራል። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አውጥቼ አሰብኩ። «በ» ምንድን ነው? የግራ እግር፣ ጣሪያ፣ የቀኝ እግር። የግራ እግር 8ቱም ፒን ይመታሉ፣ 255። ጣሪያው ላይ የላይኛው ፒን ብቻ፣ 128፣ ሦስት ጊዜ። የቀኝ እግር እንደገና 255። በቃ፤ 255፣ 128፣ 128፣ 128፣ 255። አምስት ቁጥር።

«ቡ»ስ? ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ የምትወጣ እጅ፤ መጨረሻ ላይ 16፣ 16 መጨመር። «ቢ»? እጇ ወደ እግር ጫፍ ትወርዳለች፤ 1፣ 1። «ባ»? የግራው እግር ያጥራል፤ መጀመሪያ ያለው 255 ወደ 240 ይቀየራል። «ቦ»? ማጠሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። «ቤ»? ከእግሩ ሥር ቀለበት፤ 5፣ 7። እናቴ በፋኖስ የተማረችው የሰባቱ ቤት ሥርዓት ቁጥሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ታይፑ ሊቆራርጠው የተገደደው ፊደል እዚህ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

አልዋሽም፣ ሁሉም ፊደል እንደ «በ» ለጋስ አይደለም። «ጨ»ን ወይም «ኟ»ን በ8 ነጥብ ቁመት ስሞክር የተጨማለቀ ነገር ነው የወጣው። ይሄ ችግር ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። ቻይና ውስጥ በ1980ዎቹ መሐንዲሶች ባለ 9 ፒኑን ማሽን በአንድ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ እያስኬዱ፣ የሁለተኛው ዙር ነጥቦች ከመጀመሪያው ጋር እንዲጋጠሙ በማድረግ የራሳቸውን ጽሕፈት አውጥተዋል። ጃፓኖች ደግሞ ማሽኑ የራሳቸው ስለነበር ካንጂ የሚሉትን ጽሕፈታቸውን ሊሸከም እንዲችል ፒኑን ወደ 24 አሳደጉት። በ1978 ያወጡት ብሔራዊ የፊደል መለያ ከ6,000 በላይ የካንጂ ምልክቶች ነበሩት፤ የዚያን ሁሉ የነጥብ ሥዕል ቺፕ ውስጥ አስገቡ። ከ6,000 ፊት 231 ምንድን ነው?

በእኛም በኩል በሩን ያገኙ ሰዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሀገር ቤትም አሜሪካም ያሉ ኢትዮጵያውያን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ሠሩ። የፊደሉን ነጥብ አንድ በአንድ ስለው፣ ሠንጠረዡን በራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ ይዘው፣ ዓምድ በዓምድ ወደ ማሽኑ ልከዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሉ የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ቅዠት ይሆናል። አንድ የጋራ ቁጥር የተገኘው በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ነው። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በዚያ ነው።

ስለዚህ «ማሽኑ አይችልም» የሚለው ትክክል አልነበረም። የባንክ ደብተር የሚያትሙት ማሽኖች በብዛት ባለ 24 ፒን ናቸው፤ ካንጂ ለመሸከም የተፈለሰፈው ዓይነት። እስካሁን በየባንኩ የቆዩትም በጉልበታቸው ነው፤ ወፍራም ደብተር ላይ መምታት፣ በካርቦን አልፎ ሦስተኛው ቅጂ ላይ መድረስ የሚችለው የሚደበድብ ማሽን ብቻ ነው። ፒኑ የታዘዘውን ይመታል። የእናቴን ስም በላቲን የመታው በላቲን ስለታዘዘ ነው፤ ትእዛዙን የሰጠው ደግሞ ሰው ነው፤ አንድ ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ የደንበኛው ስም በየትኛው ፊደል ይመዝገብ የሚለውን የወሰነ ሰው። ያቺ ትሁት ልጅ አልዋሸችኝም፤ እሷም የተነገራትን ነው የነገረችኝ።

* * *

የስሟን ፊደላት ለመሳል ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ከዚያ ላፕቶፔን በመቀየሪያ ኬብል አገናኝቼ ቁጥሮቹን ላክሁ። ሄዱ ወደ ግራ ሮጠ፣ ጠቅ አለ፣ ዝዝዝት አለ። ወረቀቱን ቀድጄ ሰጠኋት።

ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ትንሽ አራቀችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ፊደል፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ፒኖቹ የመቱበት ነጥብ ነጥብ ይላል።

«ታዲያ ይችላል እኮ» አለች፤ ወረቀቱን አጥፋ የባንክ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።